ፈረሱ አንገቱን ሲደፋ፦ ጋማ ላይ ፀጉር ቀጥለን የተማርነው

ለትርዒቱ ስምንት ሳምንት ሲቀር የፈረሱ ጋማ መሃል ላይ 12 ሳንቲሜትር ያህል ቦታ ሳስቶ ነበር። ከፊትም ከኋላም ያለው ጋማ እስከ አንገቱ ግማሽ ተንዠርግጎ ሲወርድ፣ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ግን ከጣት አይረዝምም። ፈረስ ጎኑን ሰጥቶ ዳኛ ፊት ሲቆም ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እንዲህ ያለ ክፍተት ላይ ነው። የፈረስ ጋማ በወር የሚያድገው 2 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ በስምንት ሳምንት የሚገኘው ቢበዛ 4 ሳንቲሜትር ነው፤ የጎደለው ግን ከ20 በላይ ነበር። ፀጉር ከመቀጠል ሌላ መንገድ አልታየም። ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። ብልሽቱ የት የት እንደነበር አውቃችሁ ብትጀምሩ ፈረሳችሁም እናንተም ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት በቀጥታ ወደ ፀጉር ግዢ መሮጡ ነበር። አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት «ጋማው ለምን ሳሳ?» የሚለው ነው። የጥቃቅን ትንኞች ንክሻ አለርጂ የሚያስነሳበት ፈረስ ጋማውንና የጭራውን ሥር እስኪደማ ድረስ ያሻል፤ ትንኞቹ በሚበዙበት ወቅትም በየዓመቱ ይመለስበታል። ቅማል፣ እከክ፣ ጭርትም አሉ። ሳያሳክከውም ጋማው ይሳሳል፦ የአንገት ልብስ ስፌት ይፈገፍገዋል፣ ልባብ ከጆሮው ኋላ ይቆርጠዋል፣ አንገቱን በአጥር አሾልኮ የሚግጥ ፈረስ በአግዳሚው ይነጨዋል፣ የጋጣ ጎረቤቱም ያኝክበታል። ከመኖ የሚገባ ሴሊኒየም ሲበዛም የጋማና የጭራ ፀጉር ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ሰኮናውም ይሰነጠቃልና ሁለቱን አብራችሁ ካያችሁ ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ነው። በዚህ ፈረስ ጥፋተኛው የአንገት ልብሱ ስፌት ነበር። ልብሱ ሲወልቅ መሳሳቱ ቆመ።

ቆዳውን በጣታችሁ ፈትሹት። ጣታችሁን ፀጉሩ ከሚወድቅበት በተቃራኒ አቅጣጫ ስታሄዱት እንደ ብሩሽ የሚወጋ አጭር ፀጉር ከተሰማችሁ ሥሩ አለ፣ የተሰበረው ላዩ ነው። ቅርፊት፣ መቅላት፣ እርጥበት ወይም ቁስል ካለ፣ ወይም ስትነኩት ፈረሱ አንገቱን ካሸሸ፣ ምንም አትቀጥሉበት። የታመመ ቆዳ ላይ የተንጠለጠለ ፀጉር ፈረሱን ይበልጥ እንዲያሽ ያደርገውና ያለችውንም ታጣላችሁ።

ደንቡን በጊዜ ማንበብ ሌላው ነው። በተጨመረ ፀጉር ላይ ማኅበራት አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም፤ አንዱ ዘንድ የሚፈቀደው ሌላው ዘንድ ያስባርራል፣ በአንድ ውድድር ውስጥም በየምድቡ ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የድሬሳጅ (ፈረሱ በጋላቢው ትዕዛዝ እርምጃውን አሳምሮ የሚያሳይበት ውድድር) ደንብ የተቀጠለ ጭራ ከመንጠቆና ከቀለበት በቀር ብረት እንዳይኖረው፣ ማክበጃ ክብደትም እንዳይጨመርበት ያዛል። ይኸው ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የመዳሰሻ ጢሙ የተላጨ ፈረስ እንዳይወዳደር ከልክሏል፤ ፈረሱን ለማሳመር መቀስ ስታነሱ ይህንንም አስቡ። የእናንተ ምድብ ደንብ ስለ ጋማ በግልጽ ካልተናገረ አዘጋጁን ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል ፈቃድ ትርዒቱ ሜዳ ላይ ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ፀጉሩ እንምጣ። በመጀመሪያ የተሞከረው ለሰው የሚሸጠው ሂውማን ሄር ነበር፣ በቀላሉ ስለሚገኝ። ቆሞ ላለ ፈረስ ያምራል። ሲሮጥ ግን ቀጭኑ ፀጉር ለብቻው ይንሳፈፋል፣ በደረቅ አየር ኤሌክትሪክ ይይዝና ይቆማል፣ ከወፍራሙ ጋማ ጋርም ተጠላልፎ በደቂቃዎች ውስጥ ይቋጠራል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ፀሐይ ላይ እንደ ፕላስቲክ ያብለጨልጫል። የሚያዋጣው የፈረስ ፀጉር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የጭራ ፀጉር ከጋማ ስለሚወፍር፣ የጭራ ከሆነ ከእስሩ ውስጥ ቀጫጭኑን መምረጥ አለባችሁ። ሁለት ሦስት ነጠላ ፀጉር ከፈረሱ ጋማ፣ ሁለት ሦስት ደግሞ ከሚገዛው ወስዳችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አንድ ላይ አሽከርክሯቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጣታችሁ ከለየ ዳኛውም ከሩቅ ይለየዋል።

ቀለም ላይ የሚታለል ሰው ብዙ ነው። የጋማው ጫፍ በፀሐይ የነጣ፣ ውስጡ የጠቆረ ነው፤ ስለዚህ ናሙና የምትወስዱት ከመሃለኛው ንብርብር፣ ከግማሽ ርዝመቱ ላይ ይሁን። ናሙናው ታጥቦ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ፀጉር ሁልጊዜ ጠቁሮ ይታያል። ማነጻጸሩንም ጋጣ ውስጥ በአምፖል ሳይሆን ውጭ በቀን ብርሃን አድርጉት። የጉራች (ጥቁር) ፈረስ ጋማ እንኳ ፀሐይና ላብ ሲፈራረቁበት ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ጥቁር የተነከረ ፀጉር ሲቀጠልበት እንደ ጥላሸት መስመር ይለያል። የዳማ (ቀይ ቡናማ) ፈረስ ጋማ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቀለም ስለሚገኝ አንድ ቀለም ብቻ አትግዙ፦ ሁለት እጅ ከዋናው፣ አንድ እጅ ከጠቆረው ቀላቅላችሁ እስሮቹን ራሳችሁ አዘጋጁ። ለአምባላይ (ነጭ ፈረስ) የተገዛ ነጭ ፀጉር ብዙ ጊዜ ከፈረሱ ይልቅ ይነጣል፤ መጀመሪያ የፈረሱን ጋማ ቢጫነት በሻምፖ አንሱና ከዚያ አነጻጽሩ።

አሁን ሁለቱ ውድቀቶች። የመጀመሪያው ለሰው ፀጉር በተሠራ ቅንጥብ (ክሊፕ) የተያዘ ነበር። የቅንጥቡ ጥርሶች ለቀጭን ፀጉር የታሰቡ ናቸው፤ ወፍራሙና የሚያንሸራትተው የፈረስ ፀጉር ላይ አጥብቀው አይነክሱም። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ፈረሱ አንገቱን ሲያራግፍ የቅንጥቡ ጠርዝ ቆዳውን ይወጋል። በሶምሶማ ሦስት ዙር ሳይሞላ ሁለቱ ቅንጥቦች መሬት ላይ ነበሩ። የሚለጠፍና በሙቀት የሚጣበቅም አለ። እሱን አትሞክሩት፤ የፈረስ ቆዳ ላብ ስለሚያወጣ ሙጫው ይላቀቃል፣ ያልተላቀቀው ደግሞ ሲነሳ የራሱን ፀጉር ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ውድቀት የበለጠ አስተማረ፣ ምክንያቱም ሲጨርሱት ያማረ ነበር። በክፍተቱ ርዝመት አንድ ወጥ ሹሩባ ከቆዳው ጋር ተጠብቆ ተሠራ፣ በላዩ ላይ ተሰፍቶ የተያያዘ ረድፍ ፀጉር ተሰፋበት፣ ልክ የሰው ራስ ላይ እንደሚሠራው። ፈረሱ በገመድ ታስሮ ራሱን ቀና አድርጎ ሲቆም እንከን አልነበረበትም። ከዚያ ተፈቶ ድርቆሽ ቀረበለት። አፉን ወደ መሬት ሲያወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ቀና አለ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፣ እንደገና ሞከረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱን በጋጣው ምሰሶ ላይ እያሸ ተገኘ፤ ምሰሶው ሥር ከተቀጠለው ፀጉር ጋር የራሱም ተነጭቶ ወድቋል። ክፍተቱ ይበልጥ ሳሳ።

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። የሰው ራስ ቅል ቅርፁን አይቀይርም፤ የፈረስ አንገት ግን ይቀይራል። ራሱን ቀና ሲያደርግ ጋማው የበቀለበት መስመር ያጥራል፣ አፉን መሬት ሲያደርስ ይለጠጣል። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ፈረሱ ቀና ብሎ ሳለ የጋማው ሥር ላይ በጠመኔ ሁለት ምልክት አድርጉ፣ በክር ለኩ፣ ከዚያ ባልዲ መሬት ላይ አስቀምጡለትና እንደገና ለኩ። ያው ክር አይደርስም። ቀና ባለ አንገት ላይ ጥብቅ ሆኖ የተሠራ ወጥ ሹሩባ ፈረሱ በጎነበሰ ቁጥር እያንዳንዱን የፀጉር ሥር ይጎትታል ማለት ነው። መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል፦ መያዣዎቹ እርስ በርስ ያልተያያዙ ትናንሽ ሹሩባዎች ይሁኑ፣ እያንዳንዱም ከቆዳው ላይ ልል ይሁን፣ ሥራውም ፈረሱ አንገቱን ዘና አድርጎ ሳለ ይሠራ።

ሦስተኛው ሙከራ በዚህ መንገድ ነው የተሳካው። ሥራው ከሁለት ቀን በፊት በመታጠብ ይጀምራል። ጋማውን በሻምፖ እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ማለስለሻና የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ ግን አታስነኩት። ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ያለው ሲሊኮን የነካው ፀጉር ላይ ምንም ቋጠሮ አይቆምም፤ ሹሩባ የሚንሸራተትበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ዕቃው ጥቂት ነው፦ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ፣ ሁለት ትልልቅ የፀጉር መያዣ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ ትልቅ ዓይን ያለው መርፌ፣ በሰም የታሸ ከጋማው ጋር ቀለሙ የሚሄድ የጥጥ ክር፣ ስፌት መፍቻ፣ ትንሽ ውሃ። ናይሎን ክር አትጠቀሙ። ፀጉሩ አጥር ወይም ልጓም ላይ ቢያዝ መጀመሪያ መበጠስ ያለበት ክሩ ነው፤ ናይሎን ካልተበጠሰ የሚበጠሰው የፈረሱ ፀጉር ነው። ሰሙም ያለ ምክንያት አይደለም፦ ያልታሸ የጥጥ ክር ዝናብ ወይም ላብ ሲነካው ያብጥና ቋጠሮው ይጠብቃል። ትንንሽ ላስቲኮች ለአንድ ሰዓት ልምምድ ይበቃሉ፣ ለሙሉ ቀን ግን ፀጉሩን ይቆርጣሉ። መርፌ ስትጀምሩ ቁጠሩ፣ ስትጨርሱም ቁጠሩ፤ ድርቆሽ ውስጥ የወደቀ መርፌ ፈረሱን ሊገድለው ይችላል።

እስሮቹን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ለአንድ እስር 60 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው 80 ያህል ነጠላ ፀጉር ይበቃል፤ 1 ግራም ገደማ ነው፣ ሲጨመቅ ከክብሪት እንጨት አይወፍርም። መሃሉ ላይ ሲታጠፍ 30 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ለ12 ሳንቲሜትር ክፍተት በየ1.5 ሳንቲሜትሩ አንድ፣ በጠቅላላው ስምንት እስር ማለት ነው፤ ክብደቱ አሥር ግራም አይሞላም። በሁለተኛው ሙከራ የተሰፋው ረድፍ ከዚህ ሦስት እጥፍ ነበር። ብዙ ፀጉር የተሻለ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ ክፍተቱ ከአጠገቡ ካለው ጋማ ወፍሮ ሲታይ ዓይን መልሶ እዚያው ያርፋል።

ፈረሱን በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት፣ ገመዱን አርዝሙለት፣ ድርቆሹን ከደረቱ ዝቅ ብሎ አስቀምጡለት። የትኛውን ንብርብር እንደምትይዙ ለዩ። ጋማው ወደ ቀኝ የሚወድቅ ከሆነ ላይ የሚታየው ከግራው ጠርዝ የሚነሳው ፀጉር ነው። እሱን ወደ ግራ ገልብጡና በመያዣ ያዙት፤ መሸፈኛችሁ እሱ ነው። ሹሩባው የሚሠራው ከሥሩ ከሚቀረው፣ አንገቱን ከሚነካው ንብርብር ነው። እስር የሚሸከም የራሱ ፀጉር ቢያንስ 6 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ካጠረ አይይዝም፤ ቦታውን ዝለሉትና ከግራና ከቀኝ ባሉት እስሮች ሸፍኑት።

1 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ፀጉር ለዩ፣ በእርጥብ ጣት አርጥቡት፣ ሦስት ቦታ ክፈሉት። ከቆዳው ላይ አትጀምሩ፦ 1 ሳንቲሜትር ያህል ሳይጎነጎን ይቅር፣ ትንሿ ጣታችሁ በሹሩባውና በቆዳው መሃል ትለፍ። ሁለት ጊዜ ከጎነጎናችሁ በኋላ የታጠፈውን እስር መሃሉን ከመካከለኛው ክፍል ሥር አስገቡት፣ አንዱን ክንፍ ከግራው፣ ሌላውን ከቀኙ ጋር ደርቡት። መጎንጎኑን ቀጥሉ። እስሩ ከገባ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ዙሮች ጠበቅ ይበሉ፤ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከእስሩ በላይ ያለው ደግሞ ልል ይሁን። ሹሩባው በጠቅላላው ከ3 ሳንቲሜትር አይብለጥ፣ አለዚያ መሸፈኛው ሳይደርስለት ይቀራል። መጨረሻው ላይ መርፌውን በሹሩባው መሃል አሳልፉ፣ ክሩን ሦስት ጊዜ ዙሪያውን አዙሩ፣ እንደገና መሃሉን ወግታችሁ ሁለት ጊዜ ቋጥሩት፣ ጫፉን 3 ሚሊሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ቋጠሮው ከአንገቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ቆዳ የዞረ ቋጠሮ እንደ ጠጠር ይፈገፍጋል።

አንድ ሹሩባ እንዳለቀ ወደ ሁለተኛው አትለፉ። እስሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ከተንሸራተተ ፍቱት። ከዚያ ባልዲ መሬት ላይ አስቀምጡና ፈረሱ ሲጎነብስ ሥሩን ተመልከቱ፦ ቆዳው እንደ ድንኳን ጫፍ ከተነሳ ጠብቋል። እንደገና ሥሩት። ስምንቱም ሲያልቁ ፈታችሁ አንድ ሰዓት ጋጣ ውስጥ ተዉትና ከሩቅ እዩት። ራሱን ደጋግሞ የሚያራግፍ፣ ጎንበስ ሲል የሚያመነታ ወይም ምሰሶ የሚፈልግ ከሆነ የትኛው ሹሩባ እንደሆነ በእጃችሁ ፈልጉ። የሚያጠብቀው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው።

የግንባር ጋማው ላይ ቢቻል ተዉት። ካልተቻለ ከሁለት እስር አትለፉ፣ ሹሩባውም የልጓሙ የግንባር ጠፍር ከሚያርፍበት መስመር ውጭ ይሁን። ጠፍሩ ከተጫነው ፈረሱ ራሱን ማንሳት ይጀምራል፣ ጋላቢውም ምክንያቱን አፉ ላይ ይፈልጋል። ወደ ዓይን የሚገባ አንድም ፀጉር አትተዉ።

መሸፈኛውን መልሳችሁ ጋማውን ካበጠራችሁ በኋላ የተቀጠለው ከራሱ ረዝሞ ይታያል፤ እንዲረዝም ተደርጎ ነው የተሠራው። በመቀስ አግድም አትቁረጡት፣ እንደ መጋረጃ ጫፍ መስመር ይሠራል። ትንሽ ትንሽ ዘለላ እየያዛችሁ መቀሱን ወደ ላይ አቁማችሁ ጫፉን ጫር ጫር አድርጉ፣ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር እንዲል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አሥር እርምጃ ራቁና ተመልከቱ። ከዚያ ፈረሱን በነፋስ አሶምሱሙት። ነፋሱ መሸፈኛውን ገልጦ ሹሩባ ካሳየ፣ ሹሩባው የተሠራው ወደ ግራው ጠርዝ ተጠግቶ ነው፤ ያንን ብቻ ፈትታችሁ ወደ አንገቱ አስጠጉት። ዛብ የሚያልፍበት፣ ለኮርቻው የቀረበው የጋማ ክፍል ላይ የተቀጠለ ካለም ጋላቢው ቀድሞ ይለማመድበት፤ ዛቡን ሲያሳጥር ፀጉሩን አብሮ ከጨበጠ በራሱ እጅ ይነቅለዋል።

ይህ ሁሉ ልምምድ ከትርዒቱ ሦስት ሳምንት በፊት ያልቅ። በዕለቱ ሥራው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፣ እጅ ለምዷልና። ሌሊቱን አስቀድሞ ሠርቶ ማሳደር ያጓጓል፤ አታድርጉት። ፈረስ ሌሊት ይተኛል፣ ይንከባለላል፣ ያሻል፣ ጎረቤቱም ያኝክበታል።

ከሜዳ እንደወጣ፣ ኮርቻው ከወረደ በኋላ፣ ወዲያው ፍቱት። ክሩን በስፌት መፍቻ ከአንገቱ ተቃራኒ ወገን ቁረጡ፣ ሹሩባውን ከታች ወደ ላይ በጣት ፍቱ፣ እስሩን ሳትጎትቱ ራሱ እስኪወርድ ጠብቁ። ስምንት ከገቡ ስምንት መውጣት አለባቸው። የሹሩባው ሥር የነበረበትን ቆዳ በእጅ ዳስሱት፤ ያበጠ ወይም የሞቀ ቦታ ካለ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ ላይ አትቀጥሉ። ላቡን በውሃ አጥባችሁ ደርቆ እስኪያልቅ ልብስ አታልብሱት።

የወጣውን ፀጉር ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሻምፖ እጠቡ፣ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁ፣ ላላ አድርጋችሁ ጎንጉኑና በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ። እርጥበት ይዞ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ፀጉር ይሻግታል፤ ብልም ይበላዋልና አልፎ አልፎ አውጥታችሁ አራግፉት። ከረጢቱ ላይ የፈረሱን ስም ጻፉ። ለሌላ ፈረስ አታውሱ፤ የጭርት ፈንገስ ፀጉር ላይ ለወራት መቆየት ስለሚችል፣ የአንዱ በሽታ በዚያች ከረጢት ወደ ሌላው ጋጣ ይሻገራል። ከወር በኋላ ክፍተቱን እንደገና ለኩት። የራሱ ፀጉር ወደ ጠርዙ እየሞላ ሲመጣ ስምንቱ እስር ስድስት ይሆናል፣ ከዚያም አራት፤ ከዳር ያሉትን እየቀነሳችሁ ሂዱ።